ከፊጂ እስከ ክሮክ ፓርክ፦ ስለ ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው ስለ አየርላንዱ ሀርሊንግ ትንሽ ጽፌ «ስለ ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን የምትፈልጉትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የምኖረው ኮርክ ነው። ሾን ኦግ ለኮርክ የተጫወተ ታዋቂ የሀርሊንግ ተጫዋች ነው፣ እዚህ ከተማ ስሙን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ስለሆኑ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሁሉ በፊት ሀርሊንግ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ቪዲዮ አይቼ የእኛው ገና መሰለኝ።

እውነትህን ነው፣ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም በዱላና በትንሽ ኳስ የሚደረጉ የቆዩ ጨዋታዎች ናቸው። በገና ጨዋታ ኳሷ በአብዛኛው መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። በሀርሊንግ ግን ውጊያው አየር ላይ ነው። ተጫዋቹ ኳሷን በእጁ ይቀልባል፣ ትንሽ ወርወር አድርጎ በዱላው ይመታታል። ወይም በዱላው ሰፊ ጫፍ ላይ አስቀምጧት ይሮጣል። በእጁ ይዞ ግን ከ4 እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም። ጥሩ መቺ ካገኘች ኳሷ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች።

አንድ ቡድን 15 ተጫዋች አለው። ትልልቆቹ የካውንቲ (የአየርላንድ ክፍለ ሀገር) ጨዋታዎች 70 ደቂቃ ይፈጃሉ። ጎሉ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና መሃላቸው ላይ አንድ አግዳሚ አለው። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ጎል ይባላል፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሃል ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ውጤቱ «1-21» ተብሎ ከተጻፈ 1 ጎልና 21 ነጥብ ማለት ነው፣ ድምሩ 24። ይህቺን ያዙልኝ፣ ወደ ታች ታስፈልገናለች።

ጥያቄ፦ ስንት ጀግና እያለ ለምን እሱን መረጥክ?

ታሪኩ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚለይ ነው። የሀርሊንግ ጀግኖች በአብዛኛው ጨዋታው ከአያት ቅድመ አያት የወረደበት መንደር ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ልጁ ገና መራመድ ሲጀምር አጭር ዱላ ይሰጡታል። ሾን ኦግ የተወለደው ግንቦት 22 ቀን 1977 ፊጂ ውስጥ ነው። እናቱ ኤሜሊ የሮቱማ ደሴት ሰው ናቸው። ሮቱማ ከፊጂ ዋና ደሴቶች በስተሰሜን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። የራሷ ቋንቋና ባህል አላት። አባቱ አየርላንዳዊ ናቸው፣ የፈርማና ካውንቲ ሰው። ፈርማና ደግሞ የጋኤሊክ እግር ኳስ (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ኳስ) አገር ነው እንጂ በሀርሊንግ አይታወቅም።

በ2024 ያረፈው ታላቁ የሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ ሚሆል ኦ ሙርከርታ በአንድ ጨዋታ መሃል ይህንኑ ተናግሮታል። አባቱ ከፈርማና፣ እናቱ ከፊጂ፣ ሁለቱም የሀርሊንግ ምሽግ አይደሉም ብሎ። አየርላንድ ውስጥ ይህን አባባል በቃሉ የማይወጣ የስፖርት አፍቃሪ አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ ልጅነቱን የት አሳለፈ? ኮርክ የመጣው በስንት ዓመቱ ነው?

ያደገው ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ነው። እዚያ የሠፈር ልጅ ሁሉ የሚያብደው ለራግቢ ሊግ ነበር፣ እሱም እንደዚያው። በ1988 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ኮርክ ገባ። ያኔ 11 ዓመቱ ገደማ ነው።

እስቲ አስቡት። የ1988ቱ አየርላንድ የዛሬው አይደለም። ያኔ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር እንጂ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። መልኩ ከሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይለያል። የንግግር ቅላጼው የአውስትራሊያ ነው። ዱላ ይዞ አያውቅም። እኩዮቹ ደግሞ ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ ሲመቱ የኖሩ ናቸው። ቤተሰቡ በከተማው ሰሜናዊ ክፍል፣ ሠራተኛው ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ከረመ። ናፒርሺግ የሚባለው የሠፈሩ ክለብ ደግሞ በሩን ከፈተለት። እስከ መጨረሻው ክለቡ ያ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ልጆቼ አማርኛ እየጠፋባቸው የተቸገርኩ እናት ነኝ። እሱ የአይሪሽን ቋንቋ የት ተማረው?

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ኖርዝ ሞናስተሪ በሚባለው የኮርክ ትምህርት ቤት በአይሪሽ ቋንቋ የሚያስተምረው ክፍል ገብቶ ነው የተማረው። ሌላው ቀርቶ ብዙ አየርላንዳውያን ራሳቸው ቋንቋውን በትምህርት ቤት ተምረው ሲያበቁ ይረሱታል። እሱ ግን እንደ ቤቱ ቋንቋ ያዘው። በኋላ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ በእንግሊዝኛም በአይሪሽም እኩል ነበር የሚናገረው።

በነገራችን ላይ የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃክ ሊንችም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው። እሳቸውም ከ1941 እስከ 1946 ድረስ በተከታታይ 6 የመላ አየርላንድ ሻምፒዮናዎችን ከኮርክ ጋር አንስተዋል፣ 5ቱን በሀርሊንግ፣ 1ዱን በእግር ኳስ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው በመጀመሪያ የሚታወሰው በዱላው ነው፣ እንዲህ ያለ ከተማ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስና፣ ለእኔ ከሾን ኦግ ታሪክ ትልቁ ነገር የእናቱን ወገን ሳይተው የአባቱን መጨመሩ ነው። ሮቱማን ደብቆ አያውቅም። ኮርክም እንዲደብቅ አልጠየቀችውም።

ጥያቄ፦ ደሞዙ ስንት ነበር?

ዜሮ። ሀርሊንግን የሚመራው ጋኤሊክ አትሌቲክስ ማኅበር በ1884 ተርለስ ከተማ ሲቋቋም ያለ ክፍያ በመጫወት መርህ ነው የተመሠረተው፣ እስካሁንም እንደዚያው ነው። 80 ሺህ ሰው ፊት የሚጫወተው ሰው በማግሥቱ ሰኞ ሥራ ይገባል። መምህር፣ ገበሬ፣ ፖሊስ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሾን ኦግ ባንክ ቤት ይሠራ ነበር። ሌላም ነገር አለ። ተጫዋች እንደ እግር ኳሱ ዓለም አይሸጥም አይለወጥም። ለሠፈርህ ክለብ፣ ከዚያ ለካውንቲህ ትጫወታለህ፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓይነት ስፖርት ይጫወት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሀርሊንግም ጋኤሊክ እግር ኳስም ለኮርክ ተጫውቷል። 1999 ደግሞ ልዩ ዓመት ነበር።

መስከረም 12 ቀን 1999 ኮርክና ኪልኬኒ በሀርሊንግ ፍጻሜ ደብሊን ክሮክ ፓርክ ስታዲየም ላይ ተገናኙ። ዝናብ ነበር፣ ኳሷ ትንሸራተታለች፣ ጎል የሚባል ነገር የለም። ኮርክ 0-13 ለ 0-12 አሸነፈ። አንዲት ነጥብ! ከ1990 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነበር። አሠልጣኙ ጂሚ ባሪ መርፊ ወጣቶችን አምኖ ነው ያሰለፈው። ሾን ኦግም ያኔ 22 ዓመቱ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሜዳ ላይ የእግር ኳሱ ፍጻሜ መጣ፣ ኮርክ ከሚዝ። ሾን ኦግ በተከላካይ መስመር ተሰልፏል። ቢያሸንፉ ኖሮ በአንድ ዓመት ሁለቱንም ዋንጫዎች ሜዳ ላይ ተጫውቶ ያነሳ ሁለተኛው ሰው ይሆን ነበር። የመጀመሪያው በ1990 ያደረገው የኮርኩ ቴዲ ማካርቲ ነው። ግን ሚዝ 1-11 ለ 1-8 አሸነፈ። ዛሬ ላይ ሁለቱን ስፖርት በአንድ ላይ በዚያ ደረጃ መጫወት የማይታሰብ ሆኗል፣ ልምምዱ ሰውነት የሚችለው አይደለም።

ጥያቄ፦ የመኪና አደጋው ምን ነበር?

በ2001 ነው። በደረሰበት የመኪና ግጭት የጉልበቱን ሎሚ ከቅልጥሙ ጋር የሚያያይዘው ጅማት ተበጠሰ። ለሯጭ፣ ለዘላይ፣ ለተከላካይ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ያ ጅማት ከሌለ እግርህን ቀጥ ማድረግ እንኳ አትችልም። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር።

እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ጂም ገባ። ድሮም በልምምድ ማንም አይደርስበትም ይባል ነበር። ከጉዳቱ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ፣ ደረቱ ሰፋ፣ እግሩ ጠነከረ። የ2003፣ የ2004 እና የ2005 ቪዲዮዎችን ስታዩ የምታዩት ያ ከአደጋ የተነሳው ሰውነት ነው። በእነዚህ 3 ዓመታት በሙሉ የኦል ስታር ሽልማት አግኝቷል። ኦል ስታር ማለት በየዓመቱ በየቦታው ለምርጡ ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት ነው።

ጥያቄ፦ ቦታው የት ነው? ጎል ያገባ ነበር?

የግራ ክንፍ ተከላካይ ነው፣ 7 ቁጥር። ጎል የማግባት ሥራ አልነበረውም። ሥራው የተጋጣሚውን ክንፍ አጥቂ ማፈንና ከላይ የሚወርደውን ኳስ ከሰው ጭንቅላት በላይ መንጠቅ ነው። ከዚያ ይዞ ወደ ፊት ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ነው ስታዲየሙን ብድግ የሚያደርገው።

የዚያ ዘመን የኮርክ መከላከያ መሃሉ ላይ ጆን ጋርዲነር በቀኝ፣ ሮናን ከራን በመሃል፣ ሾን ኦግ በግራ ነበሩ። ከኋላቸው ዓለቱ የሚባለው ዲርሙድ ኦ ሱሊቫን፣ በጎሉ ዶናል ኦግ ኪውሳክ። በእኔ ዕድሜ እንደዚህ የተግባባ መስመር አላየሁም።

ጥያቄ፦ ምርጡ ዓመት የቱ ነው?

ዋንጫውን በአምበልነት ያነሳው በ2005 ነው። በጨዋታ ግን እኔ 2004ን እመርጣለሁ።

ታሪኩ ከ2003 ይጀምራል። ያን ዓመት ኮርክ በፍጻሜው በኪልኬኒ 1-14 ለ 1-11 ተሸነፈ። በ2004 የመንስተር ክልል ፍጻሜ ላይ ደግሞ በዋተርፎርድ 3-16 ለ 1-21 ተሸነፉ። በአንዲት ነጥብ ማለት ነው፣ 25 ለ 24። ያ ጨዋታ እስካሁን ከምርጦቹ አንዱ ተብሎ ይነሳል። የአዲሱ ውድድር አሠራር ተሸናፊውን ሁለተኛ ዕድል ስለሚሰጠው ኮርክ በኋለኛው በር ተመልሶ ገባ። በግማሽ ፍጻሜው ዌክስፎርድን 1-27 ለ 0-12 አደቀቁት። እና መስከረም 12 ቀን እንደገና ኪልኬኒ።

ኪልኬኒ የ2002ን እና የ2003ን ዋንጫ ወስዷል፣ ሦስተኛውን ነው የሚፈልገው። አሠልጣኙ ብራያን ኮዲ፣ አጥቂው ሄንሪ ሼፍሊን። የዚያን ቀን የኮርክ ተከላካዮች ያን ሁሉ አጥቂ በ9 ነጥብ ብቻ አስቀሩት። ውጤቱ 0-17 ለ 0-9 ነበር። በሀርሊንግ ፍጻሜ 9 ነጥብ ብቻ ማግኘት ማለት መታፈን ነው። ሾን ኦግ በዚያ ዓመት የአየርላንድ የዓመቱ ምርጥ ሀርሊንግ ተጫዋች ተባለ። ጎል የማያገባ ተከላካይ ይህን ሽልማት መውሰዱ ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ስለ 2005ቱ ንግግር ትንሽ ንገረን። ሁሉም እሱን ነው የሚያነሳው።

መስከረም 11 ቀን 2005። ኮርክ ጎልዌይን 1-21 ለ 1-16 አሸነፈ። በክሮክ ፓርክ ልማድ አምበሉ ወደ ክብር ትሪቡኑ ይወጣና የሊያም ማካርቲን ዋንጫ ተቀብሎ ለሕዝቡ ይናገራል። አብዛኞቹ አምበሎች ለወጉ ያህል አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአይሪሽ ይሉና ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ማንም አይፈርድባቸውም፣ የለመድነው ነው።

ሾን ኦግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአይሪሽ ተናገረ። አንድ ጊዜም ወደ እንግሊዝኛ አልተሻገረም። ከ80 ሺህ በላይ ሰው በሞላበት ስታዲየም፣ አገር በሙሉ በቴሌቪዥን እያየ። ፊጂ ተወልዶ ሲድኒ ያደገ ልጅ፣ የአገሩ ልጆች ራሳቸው የሚያፍሩበትን ቋንቋ ከፍ አድርጎ ያዘው። ለአይሪሽ ቋንቋ ስንት ዘመቻ፣ ስንት የመንግሥት ፖሊሲ ነበረ። ያን የመሰለ ግን አልነበረም ብዬ አምናለሁ። አየርላንዳዊ ማለት ምን ዓይነት መልክ ያለው ሰው ነው ለሚለው ጥያቄም ያ ከሰዓት አንድ መልስ ሰጠ። እሱ ስለ ዘር ንግግር አላደረገም። ዋንጫውን ይዞ ቆመ፣ ተናገረ፣ ወረደ።

አሁን የሚያሳዝነውን ልጨምር። ከዚያ ወዲህ ኮርክ በ2006፣ በ2013፣ በ2021፣ በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁሉንም ተሸንፏል። ስለዚህ እስከ 2025ቱ ፍጻሜ ድረስ ያን ዋንጫ ያነሳ የመጨረሻው የኮርክ አምበል ሾን ኦግ ነው። በ2005 የተወለደ የኮርክ ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቶት ዋንጫ አላየም።

ጥያቄ፦ ወንድሞቹም ተጫዋቾች ናቸው?

አዎ። ቴው፣ ሴታንታና አይሳኬ ሁሉም የኮርክን ቀይ ማሊያ ለብሰዋል። በ2003ቱ ፍጻሜ የኮርክን ጎል ያገባው ሴታንታ ነው። ወዲያው የአውስትራሊያ ፉትቦል ክለብ የሆነው ካርልተን ወሰደው። ኮርክ ያን ጊዜ ተቆጣች። እኔ ግን አልፈርድበትም። እዚያ ደሞዝ አለ፣ እዚህ የለም። አይሳኬም በኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ነበር።

ጥያቄ፦ ዘረኝነት አልገጠመውም? እውነቱን ንገረን።

እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ። የተለየ መልክ ይዞ ሜዳ የገባ ሰው እዚህ አገር ስድብ ሰምቷል። የዌክስፎርዱ ሀርሊንግ ተጫዋች ሊ ቺን አባቱ ከማሌዢያ ነው። ሜዳ ላይ ስለደረሰበት የዘር ስድብ በይፋ ተናግሯል፣ በዚህ የተቀጡ ሰዎችም አሉ። ስለዚህ አየርላንድ ገነት ናት የሚል ሰው ካለ አትመኑት።

ግን ሌላውንም ጎን ማየት አለብን። ሾን ኦግን ሕፃናቱ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ የሰቀሉለት ገና አየርላንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ሳይበዛ ነው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የናይጄሪያ፣ የፖላንድ፣ የፊሊፒንስ፣ የኛም ልጆች አሉ። አንድ መምህር ያንን ልጅ ወደ ሜዳ ሲጠራው በአእምሮው ሾን ኦግ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ በአድማ መሪነቱ የሚጠሉት ሰዎች አሉ ሲሉ ሰማሁ። አንተ ከማን ወገን ነህ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። ኮርክ ውስጥ አሁንም ቤተሰብ የሚያጣላ ጉዳይ ነው።

የኮርክ ተጫዋቾች ሦስት ጊዜ አድማ መተዋል። የመጀመሪያው በ2002 መጨረሻ ነው። ጥያቄያቸው ገንዘብ አልነበረም። የቡድን ሐኪም፣ የተስተካከለ የጉዞ ዝግጅት፣ ጂም፣ ለቤተሰብ ትኬት። ያለ ክፍያ እየተጫወትክ ስታዲየም የምትሞላ ሰው ይህን ብትጠይቅ ምን ነውር አለው? ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ቡድኑን የሚያስተዳድረው የካውንቲው ቦርድም ተቀበላቸው። ከዚያ ተከትሎ የመጣው 4 ተከታታይ ፍጻሜ ነው፣ ከ2003 እስከ 2006። አድማው ያንን ቡድን ሠራው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው በ2007 መጨረሻ ተጀምሮ በ2008 መጀመሪያ አበቃ። የአሠልጣኙን ረዳቶች ማን ይምረጥ በሚለው ላይ ነበር። ሦስተኛው ግን መራራ ነው። የ2008 ተጫዋቾች በጄራልድ ማካርቲ አሠልጣኝነት አንጫወትም አሉ። ማካርቲ ራሱ የኮርክ የድሮ ጀግና ነው። ቦርዱ በሌሎች ልጆች ሊግ ጀመረ። በኮርክ ጎዳናዎች ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ለተጫዋቾቹ ሰልፍ ወጡ። በመጋቢት 2009 ማካርቲ ለቀቀ።

በሦስተኛው ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ተጫዋቾቹ ስለ ዝግጅት ደረጃ ያነሱት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሎቹ ቡድኖች፣ በተለይ ኪልኬኒ፣ ጥለዋቸው እየሄዱ ነበር። ግን አንድ ሽማግሌ በአደባባይ እንዲያ ሲዋረድ ማየት ደስ አይልም። ሾን ኦግ ከፊት ከነበሩት አንዱ ነው። ዋጋውንም ከፍሏል፣ የሚወዱት ሰዎች ፊት ነስተውታል።

ጥያቄ፦ ከቡድን የተባረረው ለዚህ ነው?

እንዲህ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም። የሆነውን ብቻ ልናገር። በ2010 መጨረሻ በወቅቱ አሠልጣኝ በዴኒስ ዋልሽ ለቀጣዩ ዓመት እንደማይፈለግ ተነገረው። 33 ዓመቱ ነበር። እንደሱ ያለ ሰው እንዲያ መሸኘቱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፣ እኔንም ጨምሮ። ተጫዋች ያረጃል፣ ያ የተፈጥሮ ሕግ ነው። አሸኛኘት ግን ክብር ይፈልጋል።

ደስ የሚለው ነገር ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ1999 ወጣት ሳለ ያመነው ጂሚ ባሪ መርፊ ተመልሶ አሠልጣኝ ሆነ፣ ለ2012 መልሶ ጠራው። በ35 ዓመቱ እንደገና ቀዩን ማሊያ ለበሰ። ኮርክ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በጎልዌይ ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በራሱ ፈቃድ ተሰናበተ።

ጥያቄ፦ የምን ጊዜም ምርጡ እሱ ነው?

አይደለም። በዋንጫ ከሄድን ሄንሪ ሼፍሊን 10 የመላ አየርላንድ ሜዳልያ አለው፣ የኮርኩ ክሪስቲ ሪንግ 8። ሾን ኦግ 3 ነው ያለው፣ የ1999፣ የ2004 እና የ2005። በዱላ ጥበብም ከሱ የሚበልጡ አሉ፣ ዱላ በእጃቸው ያደጉ ልጆች ዘግይቶ የጀመረ ሰው የማይደርስበት ለስላሳነት አላቸው። እሱን የሚስተካከል ያላየሁት በጥንካሬ፣ በድፍረትና ኳስ ይዞ በመውጣት ነው። ከምርጥ የክንፍ ተከላካዮች አንዱ ነው ብል ኪልኬኒዎችም አይከራከሩኝም።

ጥያቄ፦ ዱላው አያስፈራም? ልጄን ማስገባት ፈልጌ ባለቤቴ እምቢ አለች።

ከ2010 ጀምሮ በሁሉም ደረጃ የራስ ቁር ግዴታ ነው። በሾን ኦግ ዘመን ራቁት ጭንቅላት የሚጫወቱ ብዙ ነበሩ። ጣት መሰበር አለ፣ አልዋሽህም። ትንንሽ ልጆች ግን በአጭር ዱላና በለስላሳ ኳስ ነው የሚጀምሩት። ባለቤትህን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሃት ሂድና ትይ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ አየርላንድ የገባነው አምና ነው። አልረፈደበትም?

ሾን ኦግም በዚያው ዕድሜ ነው የጀመረው። ሌላም ሰው ልጨምርልሽ። ዛክ ሞራዲ የሚባል ኩርድ አለ፣ የተወለደው ኢራቅ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ነው። በ2002 በ11 ዓመቱ ሊትሪም ካውንቲ ገባ። በ2019 ከሊትሪም ቡድን ጋር የሎሪ ማር ዋንጫን ክሮክ ፓርክ ላይ አነሳ። ይህ ዋንጫ ለዝቅተኛው እርከን ነው፣ ቢሆንም ክሮክ ፓርክ ክሮክ ፓርክ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። የልጅሽን መምህር በሠፈራችሁ ያለውን ክለብ ጠይቂ። እያንዳንዱ ሠፈር አለው። የዓመት መመዝገቢያ አለ፣ የራስ ቁርና ዱላ ያስፈልጋል። ብዙ ክለቦች ለጀማሪ የሚያውሱት ዱላ አላቸው፣ ሳትገዢ በፊት ጠይቂ። ዱላው ከልጁ ቁመት ጋር መመጣጠን አለበት፣ ሲቆም ጫፉ ዳሌው አካባቢ እንዲደርስ ነው የሚመከረው። ረጅም ዱላ ከገዛሽለት ያስቸግረዋል። እና አንቺም ሜዳው ዳር ቁሚ። ወላጆች የሚተዋወቁት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ልይ ብል የቱን ትመክረኛለህ?

የ2004ቱን ፍጻሜ። የ2005ቱን ለንግግሩ ስትል በኋላ ታየዋለህ። የ2004ቱን ስታይ ኳሷን አትከተል፣ በፍጥነቷ ዓይንህ ይደክማል። ኮርክ ቀዩን የለበሰው ነው፣ 7 ቁጥሩን ብቻ ተከተል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኪልኬኒ ረጅም ኳስ ወደሱ መስመር ባወረደ ቁጥር ምን እንደሚሆን ተመልከት። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ካለህ ጻፍልኝ።